አሥራ ሦስተኛዋ አንባቢ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዝናቡ አልቆም አለ። መስከረም ካለቀ በኋላ ይሄ ምን የሚሉት ዝናብ ነው? የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ የታሪክ መደርደሪያው ላይ ያፈሳል። ይጠገንልን ብዬ ደብዳቤ ከጻፍኩ አምስት ወር... ዛሬም ሄድኩ። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው።» ባልዲ ደቅኜ ተቀመጥኩ።

አንድ ደስ የሚል ነገር፦ የሰርክአዲስ መጽሐፍ መጣ። አምስት ቅጂ። «በእህቷ ካባ» ይላል። ባሕር ዳር ሦስት ዓመት አንድ ዶርም የተኛን ጓደኛዬ፣ ካልሲዬን እየሰረቀች የምትለብሰው ልጅ፣ ደራሲ ሆና ፎቶዋ ጀርባው ላይ! ታሪካዊ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። ተራ የያዘው ሰው ሃያ ሦስት ደርሷል። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ክንዴ የመጀመሪያውን ቅጂ ከእጄ ነጥቀው ሄዱ።

የአስተያየት ቅጽ አዘጋጀሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ ስለ መጽሐፉ ምን ይላሉ። መንገዱ ሰላም ከሆነ ኅዳር ላይ ሰርክአዲስ እንጅባራ መጥታ ከአንባቢዎች ጋር ትወያያለች። አስተያየቶቹን መድረክ ላይ የማነበው እኔ ነኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጀመርኩት። ገጽ 61 ላይ ቆምኩ፣ የቀረውን ገለጥ ገለጥ አድርጌ ዘጋሁት።

የእኛ ቤት ታሪክ ነው።

ዘመኑን ወደ ጣሊያን ወረራ ወስዳዋለች። አባቴን አርበኛ አድርጋዋለች። ጎራዴ ሁሉ ሰጥታዋለች! የቀረው ግን... ጀግናው ታላቂቱን እህት በበዓል ያያታል፣ ይወዳታል፣ ጠልፈው እንዲያመጡለት ሰዎች ይልካል። ሰዎቹ በጭጋግ መሐል ታናሺቱን ያገኛሉ። የእህቷን ካባ ለብሳለች። በድንጋጤ ድምጿ ይጠፋል፣ አንዲት ቃል አይወጣትም። ያመጧታል። ጀግናው ካባውን ሲገልጠው ሌላ ሴት። «ይች አይደለችም» ይላል። ከዚያ ዓይኗን ያያል፣ ከዚያ ሁለት መቶ ገጽ ፍቅር።

ካባው በእኛ ቤት ቀይ ሹራብ ነው። የአክስቴ የደጊቱ ሹራብ። አባባ የፈለገው ደጊቱን ነበር። በ1969 ዓ.ም. ወንድሙን ጋሼ ምህረቴንና ሁለት ጓደኞቹን በፈረስ ላካቸው። እነሱ ከገበያ የምትመለሰውን እማዬን አመጡለት። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። የእህቷን ሹራብ ተውሳ ለብሳለች። አባባ ሲያያት «ይች አይደለችም» አለ።

ይሄ በእኛ ቤት ቀልድ ነው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ፋሲካ... ጋሼ ምህረቴ ሁለት ብርጭቆ ጠላ ከጠጡ ይችን ማውራታቸው አይቀርም። «ይች አይደለችም!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አባባም ይስቅ ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። እማዬ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ልታመጣ ጓዳ ትገባለች። ሁልጊዜ።

ለሰርክአዲስ ማን ነገራት?

እኔ። ዶርም ውስጥ፣ በ1999፣ አልጋ ላይ እየተንከባለልን በሳቅ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ደወልኩላት። ኔትወርክ የለም። ደግሜ ደወልኩ። ጠራ። አታነሳም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

የመጀመሪያዎቹ ቅጾች ተመለሱ። እንዳልረሳቸው ልገልብጣቸው።

«ሰዎቹ ተሳሳቱ እንጂ እግዚአብሔር አልተሳሳተም። በጣም አለቀስኩ።» ፍቅርአዲስ፣ 24። መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅ።

«እንዲህ ዓይነት ወንድ አለቀ። ዛሬ ማን በፈረስ ይመጣል?» ስም የለውም። 31።

«በቁመት እንኳ እንዴት አይለዩዋትም? እዚህ ላይ ደራሲዋ አላሳመነችኝም። ሌላው ግሩም ነው።» የባንኩ ልጅ።

ጋሽ ክንዴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፈዋል። ጠመንጃው በዚያ ዓመት ገና አገራችን አልገባም። ካባ የመኳንንት እንጂ የገበሬ ልጅ ልብስ አይደለም። የበቅሎዋ መልክ ገጽ 30 ላይ ዳማ፣ ገጽ 112 ላይ ቦራ። ስለ ልጅቷ አንድ መስመር ብቻ፦ «ገጸ ባሕሪዋ ዝምተኛ በመሆኗ ጨዋነቷ ጎልቶ ይታያል።»

ጨዋነቷ! በድንጋጤ ድምጿ የጠፋ ልጅ ጨዋ ተባለች። ቅጹን ጨምድጄ ባልዲው ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም።

«እግዚአብሔር አልተሳሳተም»... አባባ የተቀበረ ዕለት አንድ ሽማግሌ ይቺኑ ቃል ለእማዬ አሏት። ልጆቹ ሁላችን አሜን አልን። እሷ አላለችም። ሐዘን ነው ብዬ ነበር።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

አነሳች።

«ማስቱዬ! አነበብሽው?»

«የእናቴን ታሪክ ነው የሸጥሽው።»

«ልብ ወለድ እኮ ነው። ዘመኑም ስሙም ሌላ...»

«‹ይች አይደለችም› የሚለውን ማን ሰጠሽ?»

«አንቺ።» ከዚያ የተናገረችው ነው ያቃጠለኝ። «ማስተዋል፣ አንቺ እኮ እየሳቅሽ ነው የነገርሽኝ። እናትና አባቴ እንዲህ ነው የተዋደዱት ብለሽ። ያልሽኝን ነው ያመንኩት።»

ዘጋሁባት።

የተናደድኩት ስለዋሸች ነው? አልዋሸችም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

እማዬ መጽሐፉን አገኘችው። ቦርሳዬን ከፍታ። ከሥራ ስገባ በረንዳው ላይ መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች... ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ታላቅ ወንድሜን አዝላ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል በቃል ትሄዳለች።

«እማ፣ እሱ የቤተ መጻሕፍት ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

«እኔም ተራ ያዝኩ።»

«ደስ የሚል መጽሐፍ አይደለም።»

«አንብቤ እነግርሻለሁ።»

ገጽ 40 ላይ ናት። 61 ስትደርስ... ምን እላታለሁ? ልደብቀው? የስልሳ አራት ዓመት ሴት ላይ መጽሐፍ ይደበቃል?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

የንባብ ክበቡ ተሰበሰበ። ዐሥራ አንድ ሰው። ጋሽ ክንዴ ስለ ጠመንጃው ግማሽ ሰዓት አወሩ። ከዚያ ፍቅርአዲስ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፦ «ወይኔ! እኔንም ተሳስቶ በወሰደኝ!»

ሁሉም ሳቁ።

ጮህኩ። መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። «ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው! ዐሥራ አምስት! ምኑ ነው የሚያስቀው?»

ጋሽ ክንዴ መጽሐፉን ገልጠው በእርጋታ፦ «ዐሥራ ስምንት ነው የሚለው ልጄ። ገጽ 22።»

ልክ ናቸው። በመጽሐፉ ዐሥራ ስምንት ናት።

ባጃጅ አልያዝኩም። በዚያ ጭቃ ቤቴ ድረስ በእግሬ። ጫማዬ ዋጋውን አገኘ። ፍቅርአዲስ ምን አጠፋች? እኔ በእሷ ዕድሜ ምን ስል ነበር?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

እንዳለ ልጻፈው። አንድ ቃል ሳይቀር።

ድንች እየላጥን ነበር። «ጨረስኩት» አለች።

«እ... እንዴት ነው?»

«ልጅቷ ለምን ዝም አለች?»

«የቷ?»

«የተወሰደችው። አፍ የላትም? ዝም ስላለች ነው ሰዎቹ የተሳሳቱት ይላል።»

«ደንግጣ ነው ይላል፣ እማ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «እኔ ዝም አላልኩም።»

ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ድንቹን ነው የምታየው።

«ስሜን ነግሬያቸዋለሁ። ፈረስ ላይ ሲያወጡኝ ‹ደጊቱ አይደለሁም፣ የሻረግ ነኝ› አልኳቸው። ወንዙ ጋ ደገምኩ። በአማርኛም አልኩ፣ በአገውኛም አልኩ። አንዱን ባይሰሙ አንዱን ይሰማሉ ብዬ። ወንዙ ጋ ቆሙ። ተመካከሩ። ሊመልሱኝ ነው ብዬ ያኔ ዝም አልኩ። ያችን ታህል ብቻ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ ፈረሱ ውኃውን ተሻገረ።»

«አባባስ?»

«ቀልዱ እዚያ ላይ አይደል የሚያልቀው? ‹ይች አይደለችም።› እኔ ታዲያ ‹አዎ አይደለሁም፣ የሻረግ ነኝ፣ መልሱኝ› አልኩት። ሰማኝ። አሁን አንች እንደምታይኝ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ‹በሉ አስገቧት፣ ብርድ ነው› አለ።»

የተናገረችው እንደ ገበያ ወሬ ነው። ድምጿ አልተለወጠም።

«ለእናንተ ደግ አባት ነበር። ያንን አልነካም። ግን ስሕተት አልነበረም። ማንም አልተሳሳተም።»

«ለምንድነው ያልነገርሽን?»

«ማን ጠየቀኝ? ትስቁ ነበር እኮ።»

ድንቹን አነሳች። ትንሽ ቆይታ፦ «ደጊቱ ታውቃለች። ለዚያ ነው እስከ ዛሬ እዚህ ቤት እህል የማትቀምስ።»

አክስቴ ደጊቱ ከጥሊሊ ስትመጣ ደጅ ላይ አውርታ ትመለሳለች። እኛ ምን ስንል ኖርን? ቅናት ነው። ባሏ ሊሆን የነበረውን ሰው ስላጣች ነው...

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሥራ አልሄድኩም። ሰው መምታት ነው የሚያምረኝ። ከራሴ ጀምሬ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ግምጃ ቤት ከተማ ሄድኩ። ለእማዬ ገበያ ነው አልኳት።

ጋሼ ምህረቴ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው። ሲያዩኝ ተነሱ፣ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ፣ «የወንድሜ ዓይን!» አሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሉኝ። ጠላ አስቀዱ። አልነካሁትም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እማዬን ያመጣችኋት ቀን... ስሟን ነግራችሁ ነበር?»

መጀመሪያ ሳቁ። «ኧረ ተይኝ! ምን ነገረችን ብቻ፣ ስትጮህ አይደል እንዴ! የሻረግ ነኝ፣ የሻረግ ነኝ... ጆሮዬ ነው የደነቆረው። አብሮን የነበረው ደጉ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንዙ ጋ ‹እንመልሳት› ብሎ ነበር።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ፈረሶቹ ደክመዋል። ባዶ እጃችንን ብንሄድ አባትሽ ምን ይለናል? ያው እህቷ አይደለች አልን። ከአንድ ቤት ናቸው።»

«ታውቁ ነበር ማለት ነው።»

ሳቁ ፊታቸው ላይ ቀረ። ዓይናቸው ግን ቆመ። «የድሮ ነገር እኮ ነው ልጄ። በዚያ ዘመን...»

«ታውቁ ነበር?»

ብርጭቆውን ትክ ብለው አዩ። «እናውቅ ነበር።» ከዚያ እንደ መቆጣት ቃጣቸው፦ «እሷ ባትመጣ ኖሮ አንች ከየት ትወለጅ ነበር? ይሄንን አስበሽዋል?»

ተነስቼ ወጣሁ። «ምሳ ሳትበይ!» እያለ ከኋላዬ ይጣራል።

መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥም መልስ አላገኘሁም። አሁንም የለኝም። እኔ ተወለድኩ ተብሎ እሷ ልክ አልነበረችም ይባላል? የእኔ መወለድ የእነሱ ማስረጃ ነው?

አሁን ሳነበው «ይጣራል» ብዬ ጽፌያለሁ። ይጣራሉ ልል ነበር። አላስተካክለውም።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለእማዬ ነገርኳት። ሄጄ እንደጠየቅኩት፣ እናውቅ ነበር እንዳለ።

«እንዲህ ብሎ በአፉ ተናገረ?»

«በአፉ።»

«ያን ቅጽ አምጭልኝ።»

«የቱን?»

«ሰው ስለ መጽሐፉ የሚጽፍበትን። እኔም አንብቤያለሁ አይደል?»

ስም ሳይጻፍ ይሁን አልኳት፣ «አንዲት አንባቢ» ብዬ አነበዋለሁ፣ ከተማው ወሬኛ ነው... ተቆጣችኝ። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ስትቆጣ ካየኋት?

«ስሜ ይጻፍ! ዋናው እሱ ነው። ሌላውን ብትፈልጊ ዝለይው።»

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጻፈች። ጫን እያደረገች፣ እስኪሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው። አላገዝኳትም። አታግዥኝ አለች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰርክአዲስ መጣች። አዳራሹ ሞላ፣ ከመቶ ሰው አያንስም። በር ላይ አቅፋ ሳመችኝ። እንደ እንጨት ቆምኩ። ለእሷ አልነገርኳትም። ማንም አያውቅም። እማዬ አልመጣችም። «ወረቀቱ ይበቃል» አለች። ገበያ ሄደች።

ዐሥራ ሁለት አስተያየት አነበብኩ። ጭብጨባ፣ ሳቅ። ለጋሽ ክንዴ በቅሎ ትልቅ ሳቅ። ሰርክአዲስ ፈገግ እያለች ማስታወሻ ትይዛለች። ከዚያ ዐሥራ ሦስተኛውን አወጣሁ። ቃል በቃል ይሄ ነው፦

«ስም፦ የሻረግ ባምላክ። ዕድሜ፦ 64። መጽሐፉ ቆንጆ ነው። ሳነበው መሽቶብኝ ያውቃል። ነገር ግን ልጅቷ ዝም አለች የሚለው ልክ አይደለም። እኔ በ1969 ዓመተ ምሕረት በእህቴ ሹራብ ተወስጃለሁ። ዝም አላልኩም። የሻረግ ነኝ ብዬ ሦስት ቦታ ተናግሬያለሁ። ሰምተዋል። ሰምቶ መውሰድ ስሕተት አይባልም። የሚጽፍ ሰው ይሄን ቢያውቅ ጥሩ ነው። የሚስቅም።»

የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ ድምጼ ተሰበረ። የተናገረችው ለእኔ ነው።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ያለቅሳል፣ እናቱ ይዛው ወጣች። ጋሽ ክንዴ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። አንድ ሰው ከኋላ፦ «ይሄ የመጽሐፍ አስተያየት አይደለም! የቤት ጉዳይ ነው!» አለ። «መጽሐፉም የቤት ጉዳይ ነው» አልኩት። በማይክ። ፍቅርአዲስ እጇን አወጣች፦ «ሴትዮዋ... በሕይወት አሉ?»

«ገበያ ናቸው» አልኳት።

ሰርክአዲስ እንድትመልስ ማይኩን ሰጠኋት። ያዘችው። አንድም ቃል አልወጣትም። መልሳ ሰጠችኝ።

በኋላ መኪናው ጋ፦ «ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አላውቅም ነበር።»

«ሁለተኛ ዕትም እየታሰበ ነው። እቀይረዋለሁ።»

«ምኑን ትቀይሪዋለሽ? ስሟን ተናገረች፣ ሰሙ፣ ወሰዷት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለት መቶ ገጽ የት ታደርጊዋለሽ?»

አለቀሰች። አላባበልኳትም። ይሄም ክፋት ነው? ይሁን።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

የጋሼ ምህረቴ ልጅ ከጫግኒ ደወለ። «የሞተ ሰው ስም አጠፋሽ። የገዛ አባትሽን!» እስኪጨርስ ሰማሁት። አባባን እወደው ነበር። እወደዋለሁ። ለዚህ ነው እንዲህ የሚያመኝ። ይሄን ለእሱ ማስረዳት አለብኝ? ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ ፍቅርአዲስ ቤተ መጻሕፍት መጣች። ቀስ ብላ፦ «ቅጼን መልሽልኝ። እንደገና ልጻፈው።»

«የጻፍሽው ይቆይ። ከፈለግሽ ሌላ ጨምሪበት።»

ባዶ ቅጽ ወሰደች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እስክንዘጋ ስሟን ብቻ ጽፋ ሄደች።

ኅዳር 21፣ እሑድ

አክስቴ ደጊቱ ሐሙስ ከጥሊሊ መጣች። የእማዬን ነገር እዚያም ሰምተውታል። ግማሽ ኩንታል ድንች አስጭና፣ ደጅ ላይ ሳትቆም ቀጥ ብላ ገባች። ምሳ ቀረበ። በላች። ሁለቱ ሲበሉ እኔ ወጥ መጨመር ረስቼ አያቸዋለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ መጣ። ቄሱና አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ ጋሼ ምህረቴን ይዘው። አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ለይቅርታ። አጎንብሶ ግቢው መሐል ቆመ። አዘንኩለት። ማዘኔ አናደደኝ።

ገብቼ ለእማዬ ነገርኳት። የደጊቱን ፀጉር እየሠራችላት ነው። «ይቀመጡ» አለች። ቀና አላለችም።

«እማ፣ ድንጋይ ተሸክሟል።»

«ሁለት ጉንጉን ነው የቀረኝ።»

ጨረሰች። እጇን ታጠበች። ወጣች። ቄሱ ስለ ይቅርታ ጀመሩ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ ዕድሜ... ጋሼ ምህረቴ ከድንጋዩ ሥር፦ «የሻረግ፣ በድያለሁ። ስምሽን ሰምቻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ማሪኝ።»

እስከ ዛሬ ለእሱ «እርስዎ» ነበር የምትል። ስንት ዓመት በፊቱ ቀና ብላ አልተናገረችም።

«ድንጋዩን አውርድ። ወገብህን ያምሃል» አለችው። «የተናገርከውን ሰምቻለሁ። ይቅር ግን አላልኩም። ስል እነግርሃለሁ።»

ቄሱ ደነገጡ። «ልጄ፣ ቀን ሳይመሽ...»

«አባቴ፣ እኔ ቀን አልቆረጥኩም። እናንተም አትቁረጡብኝ።»

ድንጋዩን አወረደ። አግዳሚው ላይ ትንሽ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ። ውኃ ሰጠሁት። ጠጣ። ማንንም አላየም።

ሲወጡ ቄሱ በሩ ላይ ዞር ብለው «እንግዲህ ለገና እንመለሳለን» አሉ።

እማዬ «ኑ» አለቻቸው።

«ኑ» ነው ያለችው። ለይቅርታው «እሺ» አላለችም።